ከወርቃማው ልብስ ውስጥ፦ የአንቶኒ ዳንኤልስን ማስታወሻ አንብቤ

ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ከቆመው የድንጋይ አንበሳ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ያገለገሉ መጻሕፍትን በላስቲክ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ አንድ ወጣት አለ። ዛሬ የምገመግመውን መጽሐፍ የገዛሁት ከእርሱ ነው። መጽሐፉ «እኔ ሲ-ስሪፒኦ ነኝ» የሚል ርእስ ያለው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአንድ ተዋናይ ማስታወሻ ሲሆን፣ ያገኘሁትም ከተረት መጻሕፍትና ከሥዕል መቀቢያ ደብተሮች መካከል ተሸጉጦ ነው። ሲ-ስሪፒኦ «ስታር ዋርስ» በተባሉት የአሜሪካ ተከታታይ የሕዋ ፊልሞች ውስጥ ያለ፣ ሰው የሚመስል ወርቃማ ሮቦት ነው። አንስቼ ሳገላብጠው ሻጩ «ጋሼ፣ እሱ የሮቦት መጽሐፍ ነው፤ ልጅ ካለዎት ይወድልዎታል» አለኝ። ሽፋኑን ላየ ሰው የወጣቱ ግምት የሚያስወቅስ አይደለም። እኔ ግን ደራሲውን በስም አውቃቸው ስለነበር፣ 1,200 ብር የተባለውን በክርክር 900 አስገብቼ ወሰድኩት። መጽሐፉን የጻፉት በዚያ ወርቃማ ቅርፊት ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ሲያልባቸው የኖሩት እንግሊዛዊው የመድረክ ሰው አንቶኒ ዳንኤልስ ናቸው፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሚሟገቱትም «ውስጡ ተዋናይ ነበረ» ለማለት ነው።

ግምገማዬ ገለልተኛ እንዳልሆነ ከወዲሁ መናገር ይገባኛል። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ገና የመድረክ ጀማሪ ሳለሁ፣ ለሕፃናት በተዘጋጀ አንድ ቴአትር ላይ አንበሳ ሆኜ ተጫውቻለሁ። የአንበሳው ጭንቅላት ከስፖንጅና ከካርቶን ተሠርቶ፣ በማስቲሽ ተጣብቆ፣ በሰው ሠራሽ ፀጉር የተሸፈነ ነበር። የማየው በአፉ ቀዳዳ ሲሆን፣ ቀዳዳው የሚያሳየኝም ከፊቴ ያለውን አንድ ክንድ የሚያህል የመድረክ ወለል ብቻ ነበር። ላቡ ከግንባሬ ወደ ዓይኔ ሲወርድ ልጠርገው መዳፌን አነሣለሁ፤ መዳፌ ግን የሚያገኘው የአንበሳውን አፍንጫ ነው። ሕፃናቱ አንበሳው አፍንጫውን ያከከ መስሏቸው ይስቃሉ። አዘጋጁ ሳቁን ስለወደደው በየትርኢቱ እንድደግመው አዘዘኝ። በማስታወቂያው ላይ የተዋንያን ስም ሲዘረዘር ግን በእኔ ቦታ የሰፈረው «አንበሳው» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ስሜ ለምን እንደቀረ ስጠይቅ የዝግጅቱ ኃላፊ «ልጆቹ እውነተኛ አንበሳ ነው ብለው እንዲያምኑ ነው» ሲል መለሰልኝ። ይህ መልስ፣ ከሌላ አገርና ከሌላ ዘመን፣ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከአንድ ትልቅ የአሜሪካ የፊልም ኩባንያ ዘንድ ሲመጣ ባገኘው፣ የያዝኩትን ማኪያቶ አስቀምጬ በካፌው መስኮት የድንጋዩን አንበሳ ለጥቂት ጊዜ ተመለከትኩት። በ1948 ዓ.ም. ገደማ ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ የሠሩት ያ አንበሳ እንኳ የቀራፂው ስም ይጠራለታል።

ዳንኤልስ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሕግ መማር ጀምረው አልሆን ሲላቸው ትተውት ወደ ትወና ትምህርት ቤት ገቡ። በቢቢሲ የሬዲዮ ድራማዎች ከተጫወቱ በኋላ፣ በ1975 ለንደን ውስጥ በያንግ ቪክ ቴአትር መድረክ ላይ ሳሉ፣ አንድ አሜሪካዊ ዳይሬክተር ለሮቦት ገጸ ባሕርይ ተዋናይ እንደሚፈልግ ወኪላቸው ነገረቻቸው። እርሳቸው ግን መሄዱን አልፈለጉትም። ቃለ ተውኔት አጥንቶ ያደገ ሰው ቆርቆሮ ልበስ ሲባል ምን እንደሚሰማው ለመገመት አይከብድም፤ እኛም ዘንድ ቢሆን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስንኞች አፉን የፈታ ተዋናይ፣ አንበሳ ሁን ሲሉት ደስ ብሎት አይሄድም። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሉካስ ነበሩ። የዳንኤልስን ልብ ያራራው ግን የሉካስ ማባበል ሳይሆን በቢሮው ግድግዳ ላይ ያዩት አንድ ሥዕል ነው። ሠዓሊው ራልፍ ማክኳሪ የሣሉት ይህ ሥዕል በምድረ በዳ የቆመ የብረት ሰው ያሳያል፤ ብረቱ ሰው ከሥዕሉ ውጪ ወዳለው ተመልካች እያየ ነው። ዳንኤልስ ከእርሱ ጋር ዓይን ለዓይን የተገጣጠሙበትን ቅጽበት የሚተርኩበት ክፍል ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጣል። ተዋናይ ገጸ ባሕርይን የሚወድደው እንዴት እንደሆነ ለተማሪ ማስረዳት የቸገረው መምህር ቢኖር፣ ይህንን ክፍል አንብቦላቸው ቢወጣ ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥጋ ታሪክ ነው። ልብሱ በልካቸው እንዲሆን ሰውነታቸው በጀሶ ተለብጦ ቅርጹ ተወሰደ፤ በዚያ ቅርጽ ላይ ቀራፂዋ ሊዝ ሙር የሮቦቱን ፊት ሠሩ። ያ ፊት ምንም ስሜት እንዳያሳይ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ስሜቱን የሚጭንበት ተመልካቹ ነው። ልብሱ በስቱዲዮ ውስጥ በቁርጥራጭ እየተለካ ቆይቶ፣ ዳንኤልስ ሙሉውን ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሱት ግን መጋቢት 22 ቀን 1976፣ የቀረጻው የመጀመሪያ ቀን፣ ቱኒዚያ በረሃ ላይ ነበር። ለማልበስ ብቻ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከድንኳኑ ወጥተው ጥቂት እርምጃ እንደሄዱ የግራ እግሩ ቅርፊት ተሰንጥቆ ወርዶ እግራቸውን ወጋቸው። አንድ ተዋናይ በሕይወቱ ትልቁ በሚሆነው ሥራ የመጀመሪያ ቀን፣ ፀሐይ ላይ፣ ወርቅ በመሰለ ቅርፊት ተጠፍሮ፣ ቁልቁል አይቶ የወጋውን ማየት ሳይችል ቆሟል። ዳንኤልስ ይህንን የሚጽፉት ያለ ምሬት፣ በዚያ በእንግሊዞች ደረቅ ቀልድ ነው። እኔ ግን ሳነብ አልሳቅሁም፤ የማስቲሹ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣብኝ።

ልብሱን ለብሶ መቀመጥ አይቻልም። በቀረጻው መካከል ዕረፍት ሲሆን ዘንበል ብለው የሚደገፉበት ጣውላ ይቆምላቸው ነበር። በሮቦቱ ዓይኖች በኩል የሚያዩትም በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ቀጥታውን ብቻ ነው፤ ጎንና ጎናቸው ያለውን፣ ከእግራቸው ሥር ያለውን ደረጃ አያዩትም። የመጽሐፉ ጥንካሬ ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ደራሲው ከዚህ መከራ ገጸ ባሕርይው እንዴት እንደተወለደ ያሳያሉ። ያ ፈጣን አጫጭር እርምጃ፣ ያ ከክርኑ እንደታጠፈ የሚቀር ክንድ፣ ያ ሁልጊዜ ሊወድቅ እንደተቃረበ የሚያስመስለው አቋቋም፣ ልብሱ የከለከለውንና ተዋናዩ የጨመረበትን አንድ ላይ ያጋመደ ነው። እኔ አንበሳ ሆኜ ስለማመድ አንድ አንጋፋ ተዋናይ «ፊትህ የለም ብለህ እርሳው፤ እስክስታ የሚወርድ ሰው ፊቱን ማን ያየዋል? በትከሻህ ተናገር» ብለውኝ ነበር። ያን ጊዜ ምክሩ አልገባኝም። ዳንኤልስ ስለ አንገትና ስለ ትከሻ የጻፏቸውን ገጾች ሳነብ ግን ሰውየው ምን ማለታቸው እንደነበር ገባኝ።

ለብቻው ሊነሣ የሚገባው ሌላው ጉዳይ ዝምታው ነው። ፊልሙን ያዩ ሁሉ እንደሚያስታውሱት፣ ወርቃማው ሮቦት አርቱ-ዲቱ ከሚባለው ድንክ ጓደኛው ጋር ሲነታረክ ይውላል። የአርቱ ፉጨትና ጩኸት ግን በድምፅ ባለሙያው ቤን በርት የተሠራውና የተጨመረው ከቀረጻው በኋላ ነው። ድንኩን ሮቦት አንዳንዴ 1 ሜትር ከ12 ሳንቲ ሜትር ቁመት የነበራቸው ኬኒ ቤከር ከውስጥ ሆነው ያንቀሳቅሱታል፤ ብዙ ጊዜ ግን በሪሞት የሚነዳ ባዶ በርሜል ነበር። ስለዚህ ዳንኤልስ ያን ሁሉ ጭቅጭቅ የተጫወቱት መልስ ከማይሰጥ ነገር ጋር ነው፤ የሌላውን ቃለ ተውኔት በልባቸው እየሰሙ፣ ጊዜውን እየለኩ፣ መልሱ የደረሳቸው መስለው ይቆጣሉ። የሬዲዮ ድራማ ልምዳቸው የጠቀማቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በልጅነቴ ፊልሙን ፒያሳ ውስጥ በአንድ ቪዲዮ ቤት ስናይ፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች «ማሽን ነው» «ሰው ነው» እየተባባሉ ሲከራከሩ፣ ስለ አርቱ ግን ማንም ጥርጣሬ አልነበረውም፤ ሁላችንም ሕይወት ያለው አድርገን ተቀብለነው ነበር። እንዲህ እንድናምን ያደረገን ከአጠገቡ ሆኖ የሚያናግረው ተዋናይ ነበር ለካ።

ስለ ድምፁ የተጻፈውም እንዲሁ ጥሩ ነው። ሉካስ መጀመሪያ የዳንኤልስን ድምፅ ሊጠቀሙ አላሰቡም ነበር፤ በሐሳባቸው የነበረው ያገለገለ መኪና የሚሸጥ የኒው ዮርክ አፈ ጮሌ ደላላ ነው። ዳንኤልስ ግን ልብሱ ውስጥ ሆነው የተናገሩት በአንድ ድንጉጥ፣ ሥርዓት አጥባቂ፣ ጌቶቹን ለማስደሰት የሚጨነቅ እንግሊዛዊ እልፍኝ አስከልካይ ድምፅ ነበር። ሌሎች ድምፆች ከተሞከሩ በኋላ የእርሳቸው ጸና፤ አካሉና ድምፁ ተለያይተው የማይታሰቡ አንድ ፍጥረት ሆኑ። በዚያው ፊልም የጥቁሩን ጌታ የዳርት ቬደርን ልብስ የለበሱት ዴቪድ ፕራውዝ ይህ ዕድል አልገጠማቸውም፤ አካሉ የእርሳቸው ሆኖ ድምፁ የጄምስ ኧርል ጆንስ ሆነ። ሮቦቱ ከስድስት ሚሊዮን በላይ በሆኑ የመግባቢያ ዘዴዎች እንደሚናገር በፊልሙ ይፎክራል፤ አማርኛ ይገኝበት እንደሆነ አንድም ጊዜ አለመጠየቁ ግን ቅር ይለኛል።

ፊልሙ በ1977 ወጥቶ ዓለምን ሲያናውጥ የተከተለው ነገር የመጽሐፉ ቁስል ነው። ሕዝቡ ሮቦቱ እውነተኛ ሮቦት መሆኑን እንዲያምን ስለተፈለገ፣ በማስተዋወቁ ሥራ ላይ የተዋናዩ ስምና ፊት ወደ ኋላ ተገፋ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በሆሊውድ፣ በዝነኛው የቻይኒዝ ቴአትር ደጃፍ፣ የሮቦቱ የእግር አሻራ በሲሚንቶ ላይ ታተመ፤ የከዋክብት አሻራ በሚታተምበት ቦታ ላይ የቀረው የወርቃማው ጫማ ቅርጽ እንጂ የሰውየው ስም አይደለም። ዳንኤልስ ይህንን ቅሬታ ደጋግመው ያነሡታል። አንዳንድ አንባቢ «ሀብትና ዝና አግኝተው ምን ያጉረመርማሉ» ሊል ይችላል፤ እኔ ግን ቅሬታው ተገቢ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ጭንቅላቱ ሲጠለቅ ዙሪያው ያሉ ሰዎች ተዋናዩን እንደ ዕቃ መቁጠር እንደሚጀምሩ የጻፉት እውነት ነው። አጠገቤ ቆመው ስለ እኔ «ይህንን አንበሳ ወዲያ አድርጉት» ሲሉ የሰማኋቸው ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ልብሱ እንዲያ ያደርጋል።

ይሁንና በዚሁ ጉዳይ ላይ መጽሐፉን የምወቅስበት ነገር አለ። ዳንኤልስ ስለ ራሳቸው በደል ይህን ያህል ካሰቡ፣ በተመሳሳይ ልብስ ውስጥ ስለ ደከሙ ሌሎች ሰዎች ጥቂት ምዕራፎች ቢጨምሩ ሙግታቸው ይበረታ ነበር። ጃፓናዊው ሃሩዎ ናካጂማ በ1954 ጎድዚላ የተባለውን የፊልም አውሬ ሲጫወቱ የለበሱት ልብስ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ አረማመዱን ለማጥናት ቶኪዮ ወደሚገኘው የኡዌኖ መካነ አራዊት ሄደው ዝሆንና ድብ ሲመለከቱ ይውሉ ነበር። በ1979 በወጣው «ኤሊየን» ፊልም አውሬውን የሆኑት ቦላጂ ባዴጆ ደግሞ ናይጄሪያዊ ናቸው። ከሁለት ሜትር በላይ የረዘሙ የሥነ ጥበብ ተማሪ ሳሉ ለንደን ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት ተገኝተው ለሥራው ተመረጡ፤ ከጭራው የተነሣ በወንበር መቀመጥ ስለማይችሉም ማረፊያ የሚሆን ዥዋዥዌ ተሠርቶላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በሌላ ፊልም አልታዩም፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1992፣ 40 ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ። ያንን አውሬ አይቶ ያልደነገጠ የፊልም አፍቃሪ አዲስ አበባ ውስጥ አይገኝም፤ ውስጡ የነበሩት አፍሪካዊ መሆናቸውን ስንናገር ግን የሚገረመው ብዙ ነው። ባዴጆ ማስታወሻ ሳይጽፉ አለፉ። ዳንኤልስ ዕድሜም ብዕርም አግኝተዋልና ለእነዚህ ሰዎች ጥቂት ገጽ አለመትረፉ ይቆጨኛል። ከዚያው ከስታር ዋርስ ቤተሰብ እንኳ፣ ፀጉራሙን ቹባካ የተጫወቱት፣ ቀድሞ ለንደን ውስጥ የሆስፒታል ሠራተኛ የነበሩት ፒተር ሜይሂው፣ ከዚህ የበለጠ ሰፊ ቦታ በተሰጣቸው ብዬ ተመኝቻለሁ።

ከመጽሐፉ መካከል በኋላ ያለው ክፍል ይቀዘቅዛል። ሮቦቱ በቴሌቪዥን ዝግጅቶችና በማስታወቂያዎች ላይ ስለታየባቸው ጊዜያት የሚያወሱት ገጾች ለአክራሪ አፍቃሪዎች እንጂ ለእኔ ቢጤ አንባቢ ብዙም አይሰጡም፤ በችኮላ አለፍኳቸው። ምዕራፎቹ አጫጭር መሆናቸው ታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚያነብ ሰው ይመቻል፤ አንድ ነገር ሲጣፍጥ ደግሞ ቶሎ ይቋረጣል። ከኋለኛው ክፍል ልቤ ላይ የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። በ1999ኙ ፊልም ሮቦቱ በሌላ ሰው የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ሆኖ ዳንኤልስ ድምፃቸውን ብቻ ሰጡ፤ አንድ ተዋናይ አካሉን ተነጥቆ ከሩቅ ሲያየው ማለት ነው። ለ2015ቱ ፊልም ደግሞ ልብሱ በስሪ-ዲ ፕሪንተር እንደ አዲስ ተሠርቶ ቀለለላቸው። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ሥቃዩ በመቀነሱ መደሰታቸውን እያነበብኩ፣ ይህ ቅለት በወጣትነታቸው ቢመጣ ኖሮ ያ አረማመድ ይወለድ ነበር ወይ ብዬ አሰብኩ። መልሱን መጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁትም።

የሕትመቱን ነገር ባጭሩ ላንሣ። መጽሐፉ በ2019፣ የዘጠነኛው ፊልም ለእይታ ሊበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የወጣ ሲሆን፣ መቅድሙን የጻፉት ዳይሬክተሩ ጄ.ጄ. ኤብራምስ ናቸው። በዘጠኙም ዋና ፊልሞች ላይ የተሳተፉ ብቸኛው ተዋናይ ዳንኤልስ ናቸውና፣ ስለ ጠቅላላው ሥራ ሊመሰክር የሚችል ከእርሳቸው የተሻለ ሰው የለም። እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም፤ ቀልዱ ግን በሽሙጥ የሚነገር ስለሆነ በጥድፊያ ያነበበው ሰው ያመልጠዋል። ፊልሞቹን ፈጽሞ ላላየ ሰው መጽሐፉን አልመክርም፤ ደራሲው ታሪኩን እንደምናውቀው ቆጥረው ስለሚያልፉ ግራ ይገባዋል። የትወና ተማሪዎች፣ የአልባሳት ባለሙያዎችና፣ ከሁሉም በላይ፣ ተዋናይን በልብስ ሸፍነው የሚያሠሩ አዘጋጆች ግን ቢያንስ የመጀመሪያውን ሲሶ ቢያነቡት እወድዳለሁ። የእኔ ቅጂ ጀርባው ትንሽ ላላ ብሏል፤ ሁለት ገጽ ላይ የሻይ ጠብታ አለበት። ለ900 ብር የሚያስቆጭ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ወጣት ባልደረባዬ ልገዛለት ብዬ ወደ ሻጩ ተመለስኩና ሌላ ቅጂ ይገኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። ስጠይቀውም በስሕተት መጽሐፉ የልጆች አለመሆኑን፣ ጸሐፊው ትልቅ ተዋናይ መሆናቸውን፣ ለሙያችን ሰዎች ሁሉ የሚያስፈልግ መሆኑን አንድ በአንድ አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝ፤ አንድ ሌላ ቅጂ ከጓደኛው ዘንድ እንዳለም አስታወሰ። ዋጋውን ስጠይቀው «ጋሼ፣ ይሄማ የትልቅ ሰው መጽሐፍ ከሆነ ከ1,500 ብር አይወርድም» አለኝ።